የቆየ ቀልድ ማን ይገዛል? የስላቅ መጽሔቶችና የካርቱን ጥራዞቻቸው ረጅም ዕድሜ

ዘ ኦኒየን የሚባለው የአሜሪካ የስላቅ ጋዜጣ በ2013 መጨረሻ ወረቀት ላይ መታተሙን አቁሞ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። በ2024 ባለቤት ቀየረና በነሐሴ ወር እንደገና ወደ ማተሚያ ቤት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እየታተመ በፖስታ ለደንበኞቹ ይላካል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ማድ የተባለው ስመ ጥር የቀልድ መጽሔት ደግሞ ከ2019 ወዲህ አዲስ ሥራ እምብዛም አያወጣም። ሽፋኑ አዲስ ነው፣ ውስጡ ግን በአብዛኛው ባለፉት አሥርተ ዓመታት የታተመ ነገር ነው። ሰው ግን ይገዛዋል።

ከዚህ ተነስተው የሚወሩት ወሬዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። አንዱ ወገን «ስላቅ ሞቷል፣ የገደለውም ማኅበራዊ ሚዲያ ነው» ይላል። ሌላው «ሰው ስክሪን ሰልችቶታል፣ ወረቀት እየተመለሰ ነው» ባይ ነው። ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ይዘሉታል። ስላቅ ከቀልድ ሁሉ ቶሎ ማርጀት የነበረበት ነው። የተሾፈበት ባለሥልጣን ሲወርድ፣ የተሾፈበት ፊልም ሲረሳ፣ ቀልዱም አብሮ መሄድ ነበረበት። ታዲያ በ1953 የተሠራን ሹፈት ዛሬ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ ሰው ለምን ይገዛዋል? «ትዝታ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ትዝታ በዚያ ዘመን ያልተወለደውን አንባቢ አያስረዳልንም።

ስሞቹን እንለይ

ስላቅ፣ ፈረንጆቹ ሳታየር የሚሉት፣ በማሾፍ መተቸት ነው። ዒላማው ሥልጣን ወይም ገንዘብ ያለው ወገን ነው፣ አንዳንዴም የአንባቢው የራሱ ሞኝነት። ፓሮዲ ጠበብ ይላል፤ የአንድን ፊልም፣ ዘፈን ወይም ማስታወቂያ መልክና አነጋገር አስመስሎ ሠርቶ በዚያው ማሾፍ ነው። ካሪካቸር የሰውን መልክ አጋንኖ መሳል ሲሆን ኮሚክ ደግሞ በተከታታይ ሥዕሎች የሚነገር ታሪክ ነው። ጥራዝ የምለው ከመጽሔቱ ተመርጦ ወይም ሙሉ በሙሉ ተሰብስቦ በመጽሐፍ መልክ የወጣውን ነው።

ከ10 ሳንቲም ኮሚክ ወደ መጽሔት

ማድ የተጀመረው በ1952 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። አሳታሚው ዊሊያም ጌይንስ፣ አዘጋጁ ሃርቪ ከርትዝማን ነበሩ። ሲጀመር ባለቀለም ኮሚክ ነበር፣ ዋጋውም 10 ሳንቲም። መጀመሪያ ላይ ብዙም አልተሸጠም። ስሙን ያስጠራው አራተኛው እትም ላይ በ1953 የወጣው የሱፐርማን ፓሮዲ ነው።

እሱን ታሪክ ጠጋ ብሎ ማየት ጥሩ ነው። ጀግናው ክላርክ ቤንት ይባላል፣ በጋዜጣው ቢሮ የተላላኪው ረዳት ነው። ሎይስ ፔይን የምትባለውን ጋዜጠኛ ይወዳታል፣ እሷ ግን ዓይኑን ማየት አትፈልግም። በመጨረሻ ልብሱን አውልቆ ማንነቱን ይገልጥላታል። አሁን ትወድቅልኛለች ሲል፣ እሷ ድሮም አስቀያሚ ነበርክ፣ አሁንም ያው ነህ በሚል ስሜት ጥላው ትሄዳለች። በመሃል ካፒቴን ማርብልስ ከሚባል ሌላ ባለኃይል ጋር ይደባደባል፣ የሚያሸንፈውም በጡጫ ሳይሆን ሰውዬው የራሱን ጭንቅላት እንዲመታ አታሎት ነው። ይህ ድብድብ በጊዜው ወቅታዊ ነበር። የሱፐርማን አሳታሚና የካፒቴን ማርቭል አሳታሚ ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲካሰሱ ቆይተው ጉዳዩ ያለቀው በ1953 ነው።

ዛሬ ያንን ክስ የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ? የሕግ ተማሪና የኮሚክ ሰብሳቢ ካልሆነ ማንም። ቀልዱ ግን ይሠራል። ምክንያቱም ከክሱ ሥር ሌላ ቀልድ አለ። ኃይለኛ መሆን ተወዳጅ አያደርግም። ይህን ለመረዳት ጋዜጣ ማንበብ አያስፈልግም። የሚቆየው ስላቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሁለት ንብርብር አለው፤ የላይኛው የሳምንቱ ዜና ነው፣ የታችኛው የሰው ጠባይ።

የሱፐርማን አሳታሚ በጊዜው ሊከስ ዝቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ ማድ ራሱ ያው የሱፐርማን ባለቤት በሆነው ኩባንያ ሥር ገባ። ከዚህ የበለጠ ስላቅ የጻፉት አይመስለኝም።

በ1954 ነገሩ ከረረ። ፍሬድሪክ ዌርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚኮች ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋሉ የሚል መጽሐፍ አወጣ፣ ሴኔቱም ጉዳዩን ይመረምር ጀመር። ጌይንስ ራሱ ቀርቦ መሰከረ። ማድን ብቻ ሳይሆን አስፈሪ ኮሚኮችንም ያሳትም ስለነበር አንድ ሴናተር የተቆረጠ የሴት ጭንቅላት ያለበት ሽፋን አሳይቶ «ይህ ጨዋነት ነው?» ብሎ አፋጠጠው። ጌይንስም ለአስፈሪ ኮሚክ ሽፋን ጨዋነት ነው ብሎ መለሰ። መልሱ አልጠቀመውም። በዚያው ዓመት አሳታሚዎች ራሳቸው የኮሚክ ደንብ አወጡ፣ ማህተሙ የሌለውን ኮሚክ አከፋፋዮች አንነካም አሉ፣ የጌይንስም አብዛኛው ሥራ ተዘጋ።

ማድ ግን በ1955 ከኮሚክነት ወጥቶ 25 ሳንቲም የሚሸጥ ትልቅ መጽሔት ሆነ። ለምን? በሰፊው የሚወራው ከደንቡ ለማምለጥ ነው የሚል ነው፤ ደንቡ መጽሔትን አይመለከትምና። ሌላው ማብራሪያ ከርትዝማን ከሌላ መጽሔት የሥራ ጥሪ መጥቶለት ስለነበር እንዳይሄድበት ጌይንስ የሚፈልገውን ሰጠው የሚል ነው። ሁለተኛው ወደ እውነቱ የቀረበ ነው። የመጀመሪያው ውጤቱን እንደ ምክንያት ያቀርባል። ከርትዝማን ያም ሆኖ በ1956 ሄደ። አል ፌልድስታይን ተተካና እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ መራው። ያ ጥርሱ የጎደለ፣ ጆሮው የሰፋ፣ «ምን አስጨነቀኝ?» የሚለው ልጅ አልፍሬድ ኢ. ኒውማን የሽፋኑ ዋና ፊት የሆነውም በዚያው በ1956 መጨረሻ ነው። ፊቱን እነሱ አልፈጠሩትም። ከዚያ በፊት ለአሥርተ ዓመታት በፖስት ካርድና በማስታወቂያ ላይ ሲዞር የኖረ ሥዕል ነው።

ማስታወቂያ የሌለው ገጽ

ማድ ከ1957 እስከ 2001 ድረስ ማስታወቂያ አልተቀበለም። ከ40 ዓመት በላይ ማለት ነው። የጌይንስ ምክንያት ቀላል ነበር። ከፔፕሲ ገንዘብ እየተቀበልክ ኮካ ኮላ ላይ ብትቀልድ ማን ያምንሃል? ገጾቹ ላይ ግን ማስታወቂያ የሚመስል ነገር ሞልቷል። ሁሉም የውሸት ነው። የሲጋራ፣ የመጠጥ፣ የመኪና ማስታወቂያ ከፊደሉ እስከ ፎቶው አስመስለው ይሠሩና መጨረሻ ላይ ዕቃው የሚያመጣውን ጉዳት ይናገሩበታል። ሲጋራ ላይ በተለይ ምሕረት አልነበራቸውም፤ ያ የሆነው ደግሞ ሌሎቹ መጽሔቶች በሲጋራ ገንዘብ በሚኖሩበት ዘመን ነው።

ይህ ውሳኔ ብዙ ጊዜ እንደ መርህ ብቻ ይነገራል። የቢዝነስ ጎኑ ግን ይበልጥ ያስረዳል። ማስታወቂያ ከሌለ ገቢው ሁሉ ከአንባቢ ኪስ ነው የሚመጣው። ከአንባቢ ብቻ የሚኖር መጽሔት ደግሞ አንድን ጥሩ ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ ሸጦ መተው አይችልም። ደግሞ ደጋግሞ መሸጥ አለበት። ማስታወቂያ የሌለበት ገጽ ለዚያ የተመቸ ነው፤ በየመሃሉ የ1962 ማቀዝቀዣ ዋጋ አልተለጠፈበትም።

የአንባቢ ጥገኛ መሆኑ አንዳንዴ አስቂኝ ደረጃ ይደርስ ነበር። በ1960 ጌይንስ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ለሽርሽር ሄይቲ ወሰዳቸው። እዚያ አገር የነበራቸው ደንበኛ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ደንበኝነቱን ሳያድስ ቀርቷል። ሁሉም ተሰብስበው ቤቱ ድረስ ሄደው እንዲያድስ ለመኑት።

የኪስ መጽሐፎቹ የሠሩት ሥራ

የመጀመሪያው የማድ የኪስ መጽሐፍ በ1954 በባላንታይን አሳታሚነት ወጣ፣ ዋጋው 35 ሳንቲም ነበር። ከኮሚኮቹ የተመረጡ ሥራዎች በትንሽ ቅርጽ፣ ቀለማቸው ወጥቶ በጥቁርና ነጭ የታተሙበት ነው። ሌሎች ተከተሉት፣ ከዚያም የየሰዓሊው ለብቻው የሆነ ጥራዝ መጣ። መድኃኒት ቤትና አውቶቡስ ተራ በር ላይ በሚሽከረከር መደርደሪያ ከወንጀል ልብ ወለድና ከፍቅር ታሪክ ጎን ይሸጡ ነበር።

መጽሔት የሚቆየው አንድ ወር፣ ቢበዛ ሁለት ነው። አዲሱ እትም ሲመጣ ያልተሸጠው ተሰብስቦ ይመለሳል ወይም ይወገዳል። የኪስ መጽሐፍ ግን መደርደሪያ ላይ ይቆያል፣ ያገለገለ መጽሐፍ መሸጫ ይደርሳል፣ ከታላቅ ወንድም ለታናሽ ይተላለፋል። በዚህ መንገድ በ1970ዎቹ የሚያድግ ልጅ በ1950ዎቹ የተሠሩ ቀልዶችን ያነብ ነበር። የተሾፈበትን ፊልም አላየውም። ማስታወቂያውንም አያውቀውም። ሹፈቱን አንብቦ ከሹፈቱ ተነስቶ ዋናው ምን ይመስል እንደነበር ይገምታል። ጥሩ ፓሮዲ የሚያሾፍበትን ነገር በውስጡ ይዞት ስለሚሄድ ዋናው ቢጠፋም እሱ ይቀራል። ብዙ የአሜሪካ ልጅ የድሮ ፊልሞችን ያወቀው በዚህ የተገላቢጦሽ መንገድ ነው፣ መጀመሪያ ቀልዱን፣ ከዓመታት በኋላ ፊልሙን።

መጽሐፉ ያበጥራልም። በአንድ እትም ውስጥ ካለው ገጽ ሁሉ ጥሩ የሚሆነው ጥቂቱ ነው። ይህን የመጽሔቱ ወዳጆችም አይክዱትም። ጥራዝ የሚያዘጋጀው ሰው ደካማውን ጥሎ ጠንካራውን ስለሚያስቀር «የድሮው ማድ እንዴት ያስቅ ነበር» የሚለው እምነት ከፊሉ የአርታኢው መቀስ ውጤት ነው። ድሮ የተሻለ ነበር የሚለውን ክርክር ስንሰማ ይህን ብናስታውስ አይከፋም።

ቃል የሌላቸው ገጾች

ከሁሉ በላይ የቆዩት ግን ከዜና ጋር ምንም ያልተሳሰሩት ናቸው።

አንቶኒዮ ፕሮሂያስ ኩባ ውስጥ የታወቀ የፖለቲካ ካርቱኒስት ነበር። ፊደል ካስትሮን ሲሥል የሲ አይ ኤ ሰላይ ነህ ተባለ። በ1960 ወደ አሜሪካ ሸሸ። እንግሊዝኛው ደካማ ስለነበር ሥራውን ይዞ ማድ ቢሮ ሲገባ አስተርጓሚው የገዛ ልጁ ነበረች። ይዞት የመጣው ሥራ በጥር 1961 እትም ወጣ፣ ስሙም ስፓይ ቨርሰስ ስፓይ፣ ሰላይ ከሰላይ ማለት ነው። ሁለት ሹል አፍንጫ ሰላዮች፣ አንዱ ጥቁር የለበሰ፣ አንዱ ነጭ የለበሰ፣ በልብሳቸው ካልሆነ አይለዩም። አንዱ ለሌላው ወጥመድ ያዘጋጃል። ወጥመዱ ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ ይፈነዳል። በሚቀጥለው እትም የተሸነፈው ተነስቶ እንደገና ይጀምራሉ። አንዳንዴ ግራጫ የለበሰች ሴት ሰላይ ትመጣለች፣ እሷ ሁልጊዜ ታሸንፋለች። ንግግር የሚባል ነገር የለበትም። ከርዕሱ ሥር ያሉት ነጥብና ሰረዞች በቴሌግራም ምልክት የሰዓሊውን ስም የሚናገሩ ናቸው።

ፕሮሂያስ ከካስትሮ ሸሽቶ የመጣ ሰው ነው። ነጩን አሜሪካ፣ ጥቁሩን ሶቪየት አድርጎ ነጩን ሁልጊዜ ቢያሸንፍ ማንም ባልተደነቀ። አላደረገውም። ሁለቱም እኩል ተንኮለኛ፣ እኩል ሞኝ ናቸው። ቀዝቃዛው ጦርነት አልቆም ካርቱኑ ያልሞተው ለዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። እሱ ጡረታ ሲወጣም ሌሎች ሰዓሊዎች ቀጠሉት። ሰላዮቹ የማንም አገር ስላልሆኑ ዛሬም የየትኛውንም ተፎካካሪ ስም ቢሰጧቸው ይሄዳል።

ሁለተኛው የአል ጃፊ ፎልድ ኢን ነው። በ1964 ሲጀመር በጊዜው አንዳንድ መጽሔቶች መሃላቸው ላይ ተዘርግቶ የሚከፈት የሚያብረቀርቅ ባለቀለም ገጽ ያወጡ ነበርና ጃፊ ተቃራኒውን አደረገ፣ የሚዘረጋ ሳይሆን የሚታጠፍ። በመጽሔቱ የኋላ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ሙሉ ሥዕልና ከላይ አንድ ጥያቄ አለ። ገጹን በሁለት ቦታ ስታጥፈው መሃሉ ይደበቅና ግራና ቀኙ ተገጣጥመው ሌላ ሥዕል ይሆናሉ፣ ከሥር ያለው ጽሑፍም እንዲሁ ተቀጣጥሎ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል። ለአማርኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ በእጅ የሚታጠፍ ሰምና ወርቅ ነው። በመጀመሪያው ላይ የፊልም ተዋናይቷ ኤልዛቤት ቴይለር ከሪቻርድ በርተን ጋር በሕዝብ ተከባ ትታያለች። ሲታጠፍ ከሕዝቡ መሃል ከነበረ ሌላ ጎረምሳ ጋር ስትሳሳም ትገኛለች።

ጃፊ የሚሥለው በጠፍጣፋ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳው አይታጠፍም። ስለዚህ ሥራው በእርግጥ መግጠሙን የሚያየው እንደማንም አንባቢ መጽሔቱ ታትሞ ከወጣ በኋላ ነበር። ይህን ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሠራው። በ2020 በ99 ዓመቱ ጡረታ ወጣ፣ በ2023 በ102 ዓመቱ አረፈ።

በዚህ ላይ የሰርጂዮ አራጎኔስን የኅዳግ ካርቱኖች ጨምር። ሜክሲኮ ያደገ ሰው ነው፣ እሱም ሲመጣ እንግሊዝኛው ደካማ ነበር። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጽሑፎቹ መካከልና በገጹ ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታህል፣ ቃል የሌላት ቀልድ ይሥላል። ሁለት ስደተኞች በቋንቋ እጥረት የተገደዱበት ዘዴ ከመጽሔቱ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘ ሥራ መሆኑ ዝም ብሎ አጋጣሚ አይመስለኝም። ቃል የሌለው ነገር አይተረጎምም፣ ስለዚህ በትርጉም አይበላሽም።

ፍርድ ቤቱ የከፈተው በር

በ1961 ማድ የታወቁ ዘፈኖችን ዜማ እንዳለ ይዞ ግጥማቸውን በሹፈት የቀየረበት ልዩ መድበል አወጣ። ዜማው አልታተመም፣ «በዚህ ዘፈን ዜማ ይዘፈን» ብቻ ነው የሚለው። የኢርቪንግ በርሊንና የሌሎች ዝነኛ ደራሲዎች አሳታሚዎች በ25 ዘፈኖች ከሰሱ። በ1964 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለማድ ፈረደ፤ ፓሮዲና ስላቅ ሰፊ ነፃነት ይገባቸዋል አለ። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ጉዳዩን አላይም ብሎ ውሳኔው ጸና። በአሜሪካ ሕግ ፌር ዩዝ የሚባል መርህ አለ፤ ለትችትና ለመሳሰለው ዓላማ የሌላን ሰው ሥራ ያለ ፈቃድ በመጠን መጠቀም ይቻላል ማለት ነው። በ1994 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለገንዘብ የተሠራ ፓሮዲም በዚህ መርህ ሊጠበቅ እንደሚችል ወስኗል። ይህ ባይሆን ኖሮ ፊልምና ዘፈን ላይ የተሾፈባቸው ጥራዞች እንደገና በታተሙ ቁጥር አዲስ ክስ ይመጣባቸው ነበር።

ክስ ሁሉ ግን በፍርድ ቤት አላለቀም። ማድ የስታር ዎርስን ሁለተኛ ፊልም ሲያፌዝበት የፊልሙ ኩባንያ ጠበቆች ሽያጩ ይቁም ብለው ደብዳቤ ጻፉ። የፊልሙ ባለቤት ጆርጅ ሉካስ ደግሞ ለብቻው ሥራውን ወድዶት የአድናቆት ደብዳቤ ልኮ ኖሯል። አዘጋጆቹ የሉካስን ደብዳቤ ቅጂ ለጠበቆቹ ላኩላቸው። በዚያው ተቋጨ።

ታዲያ ለምን ወደቀ?

በ1974 የማድ ስርጭት ከ2 ሚሊዮን ቅጂ አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ መውረድ ጀመረ። በ2001 ቀለምና ማስታወቂያ ገባበት፣ በ2009 በዓመት አራት ጊዜ የሚወጣ ሆነ፣ በኋላ በየሁለት ወሩ ተባለ፣ በ2018 ከኒውዮርክ ወደ ካሊፎርኒያ ተዛውሮ ከቁጥር 1 እንደገና ተጀመረ። በ2019 አዲስ ሥራ በአብዛኛው ቆመ።

ለምን እንደሆነ ማብራሪያዎቹ ይለያያሉ። አንደኛው ማድ ያስተማራቸው ልጆች አድገው ቴሌቪዥን ውስጥ ገቡ፣ የእሱን ዘዴ በየሳምንቱ በነፃ ይሠሩት ጀመር፣ መጽሔቱ በገዛ ተማሪዎቹ ተበለጠ የሚል ነው። ሁለተኛው ኢንተርኔት ነው። አንድ ባለሥልጣን ጠዋት ያለው ነገር ቀትር ላይ ተቀልዶበት ያልቃል፤ በየሁለት ወሩ የሚወጣ መጽሔት ምን ሊል ነው? ሦስተኛው አከፋፋዩና ባለቤቱ ላይ ያነጣጥራል። የጋዜጣ መሸጫዎች ተዘጉ፣ ጌይንስ በ1992 ከሞተ በኋላ መጽሔቱ የትልቅ ኩባንያ ትንሽ ክፍል ሆነ ይላል።

ሦስቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን የሚያሳምነኝ አራተኛው ነው። ፓሮዲ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ሲኖር ነው የሚሠራው። ሦስት የቴሌቪዥን ጣቢያ ብቻ በነበረበት አገር ሁሉም ያንኑ ፊልምና ያንኑ ማስታወቂያ ያያል። ዛሬ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ስክሪን፣ የራሱ የሚያየው ነገር አለው። በግንቦት 2019 ዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ተፎካካሪውን ፒት ቡቲጄጅን አልፍሬድ ኢ. ኒውማን አይመረጥም ብሎ አፌዘበት። የ37 ዓመቱ ቡቲጄጅ ማን እንደሆነ ጉግል ላይ መፈለግ ነበረብኝ፣ የትውልድ ጉዳይ መሰለኝ አለ። አዲስ ሥራ መቆሙ የተሰማው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ይኸው ምክንያት የጥራዙንም መቆየት ያስረዳል። አዲስ ሹፈት የጋራ ዕውቀት ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ተበታትኗል። የድሮው ግን ወይ የራሱን ዋቢ ይዞ የሚዞር ነው፣ ወይ ዋቢ የማያስፈልገው ነው።

የእንግሊዝና የፈረንሳይ መንገድ

በሕይወት ያሉትን ስናይ ልዩነቱ ይጎላል። የለንደኑ ፕራይቬት አይ ከ1961 ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይወጣል፣ ከ200 ሺህ ቅጂ በላይ የሚሸጥ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚሰጠው ጥቂት ነው። የፓሪሱ ሌ ካናር አንሼኔ በ1915 ተመሠረተ፣ ማስታወቂያ አይቀበልም። ሁለቱም ከቀልዱ ጎን ምርመራ ይሠራሉ። በ2017 ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንትነት ግንባር ቀደም የነበረው ፍራንሷ ፊዮን ሚስቱ ሳትሠራ ደመወዝ ተከፈላት የሚለውን ዜና ያወጣው ካናር ነው፣ ሰውዬው ምርጫውን ተሸነፈ። እነዚህን የሚገዛ ሰው ሌላ ቦታ የማያገኘውን ወሬ ነው የሚገዛው፣ ሳቁ እንደ ምርቃት ነው። ፐንች የተባለው የእንግሊዝ አንጋፋ ግን ከ1841 ጀምሮ 150 ዓመት ኖሮ በ1992 ተዘጋ። ጨዋ ቀልድና ግሩም ሥዕል ነበረው፣ የራሱ ወሬ አልነበረውም። ሥዕሎቹ ዛሬም በየታሪክ መጽሐፉ ይወጣሉ።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ዕድሜ አለ ማለት ይቻላል። ዜና የያዘው እንደ መጽሔት ይኖራል። መልክና ገጸ ባሕርይ የፈጠረው መጽሔቱ ቢሞትም እንደ መጽሐፍ ይኖራል። ፕራይቬት አይ ራሱ በየዓመቱ መጨረሻ የሚያወጣው ጥራዝ ውስጥ የሚገባው ሽፋኖቹ፣ ካርቱኖቹና ሹፈቶቹ ናቸው፤ ምርመራው ይቀራል።

የነቢዩ መሐመድን ካርቱኖች ያወጣውን የፈረንሳይ ሳምንታዊ የስላቅ ጋዜጣ ሻርሊ ኤብዶን ለብቻ ማንሳት ያስፈልጋል። በጥር 2015 ታጣቂዎች የፓሪስ ቢሮው ገብተው ተኮሱ፣ 12 ሰው ተገደለ። ከጥቃቱ በኋላ የወጣው እትም በሚሊዮኖች ተሸጠ። ያ ሽያጭ ሐዘንና ድጋፍ ነበር፣ ስለ ቀልዱ ጥራት የሚነግረን ነገር የለም። ክርክሩ ግን አሁንም አላለቀም። አንዱ ወገን ስላቅ ማንንም ሳይለይ መንካት አለበት ይላል። ሌላው ቀድሞውኑ የተገፋ ወገን ላይ የሚያሾፍ ነገር ስላቅ ሳይሆን ማዋረድ ነው ይላል። ግድያውን ማውገዝና ሁለተኛውን ጥያቄ ማንሳት አይጋጩም።

ጥራዝ የሚደብቀው

የተመረጠ ስብስብ ማንበብ የራሱ አደጋ አለው። በድሮ እትሞች ውስጥ ዛሬ የሚያሳፍሩ ሥዕሎች አሉ። ሴቶችን እንደ ዕቃ የሚያዩ፣ የሌላ ዘር ሰዎችን በአንድ መልክ የሚሥሉ። መራጩ እነዚህን ይዘላቸዋል። የሚሸጠው ይበልጥ ያምራል፣ የዘመኑ መልክ ግን ይስተካከላል። ሙሉውን ማየት ለሚፈልግ በ1999 የማድ እትሞች ሁሉ እስከዚያ ያሉት በ7 ሲዲ ወጥተው ነበር። ግን የዚያ ዘመን ሲዲ በዛሬ ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ ራሱን የቻለ ትግል ነው። በ1954 የታተመው የኪስ መጽሐፍ ወረቀቱ ቡናማ ቢሆንም ይነበባል።

ሌላው ገንዘቡ ነው። ማድ ሥራውን ሲገዛ ሙሉ መብቱን ጠቅልሎ ነበር የሚገዛው። ጥራዙ በሚሊዮን ቢሸጥ ለሰዓሊው ከሽያጩ ድርሻ አልነበረውም። ሠራተኛውን አውሮፕላን አሳፍሮ ሄይቲ የሚወስደው ያው ጌይንስ በዚህ ጉዳይ ንክች አይልም። ዶን ማርቲን፣ ያ አገጩ ረጅም እግሩ የተጠማዘዘ ሰው የሚሥለው፣ ከመጽሔቱ ተወዳጆች አንዱ ሆኖ ሳለ በ1980ዎቹ መጨረሻ በዚሁ መብት ጉዳይ ተጣልቶ ወደ ተፎካካሪው መጽሔት ክራክድ ሄደ። የስላቅ ሰው ሥልጣንን ሲተች የገዛ አሠሪው ሲቀር ይህን ይመስላል።

ከዚህ በኋላ

መብቱ በትልቅ ኩባንያ እጅ እስካለ ድረስ የድሮው ሥራ መታተሙ አይቆምም፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ገዢው የታወቀ ነው። ጊዜው ሲሄድ ነገሩ ከመዝናኛነት ወደ ሥነ ጥበብነት እያደላ ነው። በ2024 ማሳቹሴትስ የሚገኘው የኖርማን ሮክዌል ሙዚየም የማድን ሥዕሎች ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አሳየ። ለሰዓሊዎቹ ክብር ነው። ለስላቁ ጥሩ ምልክት መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ፣ ሙዚየም ውስጥ የሚስቅ ሰው ትንሽ ነው።

የዛሬው የኢንተርኔት ቀልድ ዕጣ ይበልጥ ያሳስባል። ሚም የሚባለው በየሰዓቱ የሚወጣ ሥዕላዊ ቀልድ ብዙ ጊዜ ሠሪው አይታወቅም፣ ባለ መብትም ሆነ አርታኢ የለውም። አንዳንዱ ከማድ ምርጥ ገጽ አያንስም። ግን ማን ይመርጠዋል፣ ማንስ ያትመዋል? ዘ ኦኒየን ወደ ወረቀት ሲመለስ ያደረገው አንዱ ነገር ለቀልዶቹ ቀን፣ ስምና መደርደሪያ መስጠት ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ጥራዝ የሚያወጣ ሰው ከዚያ መጀመር ይችላል።

ማድን አንብቦ ለማያውቅ፣ በስፓይ ቨርሰስ ስፓይ ጥራዝ መጀመር ይሻላል፣ ቋንቋ አይጠይቅም። ቀጥሎ የ1950ዎቹ ኮሚኮች፤ የ1970ዎቹን የፊልም ፓሮዲዎች ፊልሞቹን ላየ ሰው ብቻ ነው የምመክረው፣ የማድ ሰዓሊ የነበረውን የሞርት ድራከርን የፊት አሳሳል ለማየት ካልሆነ። የጃፊ ፎልድ ኢኖች ከ1964 እስከ 2010 ያሉት በአራት ቅጽ ተጠርዘው በ2011 ወጥተዋል። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ሥዕል ከታጠፈ በኋላ የሚሆነው ለብቻው ታትሟል፣ ገጹን ማጠፍ አያስፈልግም። ያገለገለ የድሮ እትም የሚገዛ ሰው ደግሞ ያልታጠፈው ዋጋው እንደሚወደድ ይወቅ፤ ሻጮች መጀመሪያ የሚያዩት የኋላ ሽፋኑ ላይ ያለውን መስመር ነው።